ሽቦን ማስታወስ ያስተማረው ሰው፦ የቫልደማር ፖውልሰን አጭር የሕይወት ታሪክ

ድምፅን ቀርጾ ስለማስቀመጥ ሲነሣ ብዙዎቻችን ቶሎ የምንጠራው የቶማስ ኤዲሰንን ስም ነው። እውነትም ኤዲሰን በ1877 የሰውን ድምፅ በመሣሪያ ቀርጾ መልሶ ያሰማ የመጀመሪያው ሰው ነው። ይሁን እንጂ የካሴቱ ክር፣ የሬዲዮ ጣቢያው ትልቁ የቴፕ ጥቅል፣ የኮምፒዩተሩ ሃርድ ዲስክ የኤዲሰን ዘሮች አይደሉም። የእነዚህ ሁሉ አባት ቫልደማር ፖውልሰን የተባለ ዴንማርካዊ ነው። ከሀገሩ ከዴንማርክ ውጭ ሥራውን እንጂ ስሙን የሚያውቅ ጥቂት ነው።

ዛሬ የዚህን ሰው ሕይወት ባጭሩ እናወጋለን። ከዚያም ጋር አንድ ጥያቄ እናነሣለን። በማግኔት የተጻፈ ነገር አልነበብ ሲለን በእርግጥ ጠፍቷል ማለት ነውን? ወይስ እዚያው ተቀምጦ አንባቢ አጥቶ ነው? የዚህ መልስ ፖውልሰን ከመቶ ዓመት በፊት በሠራት ሽቦ ውስጥ አለ። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ልደትና ትምህርት

ቫልደማር ፖውልሰን ኖቬምበር 23 ቀን 1869 በዴንማርክ ዋና ከተማ በኮፐንሃገን ተወለደ። አባቱ ዳኛ ነበሩ። በ1889 ኮፐንሃገን ዩኒቨርሲቲ ገብቶ የተፈጥሮ ሳይንስ ሲከታተል ቆየና በ1893 ዩኒቨርሲቲውን ትቶ በኮፐንሃገን የስልክ ኩባንያ የቴክኒክ ክፍል ውስጥ ተቀጠረ። በዚያን ጊዜ 24 ዓመት እንኳ ገና አልሞላውም።

ስልክ ራሱ ያኔ ለጋ ነበር። ግራሃም ቤል ፓተንቱን ካገኘ ገና 17 ዓመት መሆኑ ነው። ታዲያ ስልክን ከቴሌግራፍ ጋር ሲያወዳድሩት አንድ ትልቅ ጉድለት ነበረበት። ቴሌግራም ተቀባዩ ቢኖርም ባይኖርም ወረቀት ላይ ሰፍሮ ይጠብቀዋል። ስልክ ግን ሰውየው ከቤት ከሌለ ደውሎ ደውሎ ያበቃል፤ ተነጋገሩም ቢባል ንግግሩ አየር ላይ ይቀራል። ፖውልሰን ይህ ነገር አላስተኛውም። ስልክ እንደ ቴሌግራፍ የሚቀመጥ ነገር እንዲተው ለማድረግ አይቻልም ወይ? ብሎ ማሰላሰል ጀመረ። በኋላ የሠራውን መሣሪያ ቴሌግራፎን ብሎ የሰየመውም ሁለቱን አጋብቶ ነው።

ሽቦው እንዴት አስታወሰ?

በዚያ ዘመን በፊዚክስ መምህራን ዘንድ የታወቀ አንድ ሙከራ ነበር። አንድ የአረብ ብረት ሰሌዳ ይወሰድና በማግኔት ጫፍ እንደ እርሳስ ይጻፍበታል። በዓይን ምንም አይታይም። የብረት ብናኝ ሲነሰነስበት ግን ብናኙ ማግኔቱ የነካውን መስመር ተከትሎ ይያዝና ጽሑፉ ብቅ ይላል። ጽሑፉ እኮ ቀድሞም ነበረ፤ የሚያሳየው አልተገኘለትም እንጂ።

ብዙ ሰው ይህንን እንደ ጨዋታ አይቶ አልፎታል። ፖውልሰን ግን ከዚህ ቁምነገር አወጣበት። በስልክ ሽቦ ውስጥ የሚሄደው የኤሌክትሪክ ጅረት ከተናጋሪው ድምፅ ጋር ይወፍራል፣ ይቀጥናል። ይህ ጅረት በትንሽ ኤሌክትሮማግኔት ውስጥ ቢያልፍ የማግኔቱም ኃይል አብሮ ይበረታል፣ ይደክማል። እንግዲህ በዚህ ማግኔት ሥር የአረብ ብረት ሽቦ በፍጥነት ቢያልፍ እያንዳንዱ የሽቦው ክፍል ባለፈበት ቅጽበት የነበረውን ኃይል ይዞ ይቀራል ማለት ነው።

መልሶ ለመስማትስ? እዚህ ላይ የፋራዴይ ትምህርት ይመጣል። ማይክል ፋራዴይ በ1831 እንዳሳየው የሚንቀሳቀስ ማግኔት በአጠገቡ ባለ የሽቦ ጥቅል ውስጥ ጅረት ይፈጥራል። ስለዚህ ያንኑ ሽቦ በዚያው ኤሌክትሮማግኔት ሥር እንደገና ቢያሳልፉት በሽቦው ላይ የቀረው ማግኔት የመጀመሪያውን የመሰለ ጅረት ይፈጥራል፤ ጅረቱም በስልክ መስሚያ ሲያልፍ ድምፅ ይሆናል። የሚጽፈውም የሚያነበውም አንድ ዓይነት ዕቃ ነው። ዛሬ ካሴት የሚያዘወትር ሰው ሄድ የሚለው ይኸው ነው።

ፖውልሰን የመጀመሪያውን ሙከራ ያደረገው ሽቦ ወጥሮ ኤሌክትሮማግኔቱን በሽቦው ላይ እያስኬደ በስልክ መናገሪያ በመናገር ነበር። ከዚያም መናገሪያውን በመስሚያ ለውጦ ማግኔቱን በዚያው መንገድ ሲያስኬደው የራሱን ድምፅ ሰማ። ይህ ከተረጋገጠ በኋላ የፒያኖ ሽቦ በናስ ሲሊንደር ላይ ጠምጥሞ መሣሪያውን አበጀ። ሽቦው በሴኮንድ 2 ሜትር ያህል ይጓዝ ነበር። ዲሴምበር 1 ቀን 1898 በዴንማርክ ፓተንቱን አስመዘገበ፤ በኖቬምበር 1900 ደግሞ የአሜሪካንን ፓተንት አገኘ።

ለእውነት ሲባል አንድ ነገር መጨመር ይገባል። ኦበርሊን ስሚዝ የተባለ አሜሪካዊ መሐንዲስ ድምፅ በማግኔት ሊቀረጽ እንደሚችል በ1888 በአንድ የኤሌክትሪክ መጽሔት ላይ ጽፎ ነበር። ሐሳቡ የስሚዝ ነው ብሎ የሚከራከር ሰው ቢኖር ስሕተት የለበትም። የሚሠራ መሣሪያ ሠርቶ ለዓለም ያሳየው ግን ፖውልሰን ነው።

የቴሌግራፎን ሁለት ጠባዮች በተለይ ልብ ሊባሉ ይገባል። አንደኛ፣ የኤዲሰን ፎኖግራፍ መርፌ ሰሙን በጨረፈው ቁጥር ድምፁን ይበላዋል፤ የፖውልሰን ሽቦ ግን ቢያሰሙት ቢያሰሙት አያልቅም። ሁለተኛ፣ ሽቦውን እኩል ኃይል ባለው ማግኔት ሥር ካሳለፉት የተጻፈው ሁሉ ይደመሰስና ለሌላ ጽሑፍ ይዘጋጃል። ማስታወስም መርሳትም የሚችል ዕቃ ተገኘ ማለት ነው። የዛሬው ጥያቄያችን መነሻም ይኸው ሁለተኛው ጠባይ ነው።

በፓሪስ አደባባይ

በ1900 በፓሪስ ታላቁ የዓለም ኤግዚቢሽን ሲከፈት ፖውልሰን ቴሌግራፎኑን ይዞ ሄደ። ከፍተኛውን ሽልማት፣ ግራን ፕሪ የሚባለውን፣ አገኘ። መሣሪያውን ካዩት መካከል የኦስትሪያና የሀንጋሪው ንጉሠ ነገሥት ፍራንዝ ዮሴፍ ይገኙበታል። ንጉሠ ነገሥቱ በመናገሪያው ውስጥ ጥቂት ቃል ተናገሩ፤ የንግግራቸውም ፍሬ ነገር ግኝቱ እንዳስደሰታቸውና ስላሳዩአቸው ማመስገናቸው ነበር።

ፍራንዝ ዮሴፍ በ1916 ሞቱ። ግዛታቸውም ከሁለት ዓመት በኋላ ፈራረሰ። ያች ሽቦ ግን አለች። በዴንማርክ የቴክኒክ ሙዚየም ውስጥ ትገኛለች፤ በዓለም ላይ ከቀሩት በማግኔት የተቀረጹ ድምፆች ሁሉ ቀዳሚዋ እርስዋ ናት። የንጉሡ ድምፅ ዛሬም ከሽክሽክታው መካከል ይሰማል። እስቲ አስቡት! መንግሥት ሲወድቅ፣ ሁለት የዓለም ጦርነት ሲያልፍ፣ በቀጭን ብረት ላይ የተቀመጠ የማይታይ ነገር ከመቶ ዓመት በላይ ቆየ።

ያልታደለው ኩባንያ

ከዚህ ሁሉ ሙገሳ በኋላ ቴሌግራፎን ወዲያው ዓለምን ያጥለቀልቃል ተብሎ ነበር የታሰበው። ነገሩ ግን እንዲያ አልሆነም። በ1903 የአሜሪካ ቴሌግራፎን ኩባንያ ተቋቋመ። ቢሆንም ገዢው ከተጠበቀው በጣም አነሰ።

ምክንያቱ ምን ነበር? ዋናው የድምፁ ማነስ ነው። ከሽቦው የሚገኘው ጅረት እጅግ ደካማ ስለሆነ መስሚያውን ጆሮ ላይ አጣብቆ ካልሆነ አይሰማም። ድምፁን የሚያጎላ መሣሪያ፣ ዛሬ አምፕሊፋየር የምንለው፣ በዚያን ጊዜ አልነበረም። ሌላው ችግር ሽቦው ነው፤ ይጠማዘዛል፣ ይተበተባል፣ ከተበጠሰም መቀጠሉ ቀላል አይደለም። ፖውልሰን ጠፍጣፋ የብረት ጥብጣብም፣ የሚሽከረከር የብረት ዲስክም ሞክሯል። ማለትም ቴፑንም ዲስኩንም ገና በመጀመሪያው አስቦታል ማለት ነው።

ከእርሱ ጋር ፔደር ኦሉፍ ፔደርሰን የሚባል መሐንዲስ ይሠራ ነበር። ሁለቱ አብረው የቀረጻውን ጥራት የሚያሻሽል ዘዴ አገኙ። ዘዴው በድምፁ ጅረት ላይ ሌላ ያልተለዋወጠ ጅረት መጨመር ነው፤ ለዚህም በ1907 የአሜሪካን ፓተንት አግኝተዋል። ፔደርሰን በኋላ የዴንማርክ ፖሊቴክኒክ ትምህርት ቤት ኃላፊ እስከመሆን ደርሷል። ይህ ሁሉ ግን ኩባንያውን አላዳነውም። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት ማብቂያ ግድም ከስሮ በአደራ ጠባቂ እጅ ወደቀ።

ሁለተኛው ግኝት

ፖውልሰን ግን ቴሌግራፎኑ አልሸጥ ሲል እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም። ከ1902 ጀምሮ ፊቱን ወደ ሽቦ አልባ ቴሌግራፍ አዞረ። በዚያን ጊዜ የሬዲዮ ሞገድ ይፈጠር የነበረው በኤሌክትሪክ ብልጭታ ነው። ይህም ሞገዱን የተቆራረጠ ስለሚያደርገው ለነጥብና ለሰረዝ ይሆናል እንጂ ለሰው ድምፅ አይመችም። ዊልያም ደድል የተባለ እንግሊዛዊ በ1900 ገደማ የቅስት መብራትን፣ በብየዳ ጊዜ የምናየውን ዓይነት ደማቅ ነበልባል፣ ድምፅ እንዲሰጥ አድርጎ ነበር፤ ነገር ግን የንዝረቱ ፍጥነት ለሬዲዮ የሚበቃ አልሆነም። ፖውልሰን ቅስቱን ሃይድሮጂን ባለበት ጋዝ ውስጥ አስገባው፤ በጎኑም ኃይለኛ ማግኔት አቆመበት። በዚህ ዘዴ ያልተቆራረጠ የሬዲዮ ሞገድ ተገኘ። የፖውልሰን ቅስት የሚባለው ይህ ነው።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ አንድ ወጣት መሐንዲስ የቅስቱን መብት ገዝቶ ወደ ካሊፎርኒያ ወሰደው። በፓሎ አልቶ ከተማ በዚሁ ላይ የቆመ ኩባንያ ተመሠረተ። የአሜሪካ የባሕር ኃይልም ለታላላቅ ጣቢያዎቹ ይህንኑ ቅስት መረጠ። በፈረንሳይ አገር ቦርዶ አጠገብ በ1920 የተከፈተው ታላቅ ጣቢያ በ1 ሚሊዮን ዋት ቅስት ይሠራ ነበር።

አሁን አንድ የሚያስደንቅ ነገር ልብ በሉ። በ1912 በዚያው በፓሎ አልቶ ኩባንያ ውስጥ ተቀጥሮ ይሠራ የነበረው ሊ ደ ፎረስት የቫኩም ቱቦውን ድምፅ እንዲያጎላ አደረገው። ለካስ ቴሌግራፎን አጥቶ የወደቀበት አምፕሊፋየር የተወለደው የፖውልሰን ሁለተኛ ግኝት ባቆመው ቤት ውስጥ ኖሯል! ይሁን እንጂ ጊዜው አልገጠመም። ቱቦው በሚገባ ሲስፋፋ የቴሌግራፎን ኩባንያ አልቆለት ነበር፤ ቱቦው ራሱም በ1920ዎቹ ውስጥ ቅስቱን ከሥራ አስወጣው።

የመጨረሻዎቹ ዓመታት

ፖውልሰን በሕይወቱ ሳለ ክብር አላጣም። በ1907 ከዴንማርክ የሳይንስ ማኅበር የወርቅ ሜዳይ አገኘ። በ1909 የላይፕዚግ ዩኒቨርሲቲ የክብር ዶክተርነት ሰጠው። በ1939፣ ሰባኛ ዓመቱን ሲይዝ፣ በስሙ የሚጠራ የወርቅ ሜዳይ ተቋቋመ።

በዚህ መካከል የጥንቱ ሐሳቡ በጀርመን አገር አንሰራርቶ ነበር። ፍሪትስ ፍሎይመር በ1928 በከባድ ሽቦ ፋንታ የብረት ዱቄት የተቀባ ወረቀት መጠቀም እንደሚቻል አሳየ። በ1935 ደግሞ በበርሊን የሬዲዮ ኤግዚቢሽን ላይ ማግኔቶፎን የተባለው የቴፕ መሣሪያ ቀረበ። ዛሬ የምናውቀው ቴፕ የመጣው ከዚህ ነው። ፖውልሰን ይህ ሁሉ ሲሆን በሕይወት ነበር። አገሩ ዴንማርክ በጀርመን ጦር ተይዛ ሳለ ጁላይ 23 ቀን 1942 በ72 ዓመቱ አረፈ።

ኮምፒዩተር ሲነግሥ ግን አላየም። በ1951 ዩኒቫክ የተባለው ኮምፒዩተር ማግኔታዊ ቴፕ ይዞ ወጣ። በ1956 አይቢኤም የመጀመሪያውን ሃርድ ዲስክ ለገበያ አቀረበ፤ 50 ሰፋፊ ዲስኮች ተደራርበው የሚይዙት 5 ሚሊዮን ፊደል ያህል ነበር። ዴንማርክም በ1969 የተወለደበትን 100ኛ ዓመት ምክንያት በማድረግ ምስሉን በቴምብር አወጣች።

አልነበብ ያለውን ማስነበብ

እንግዲህ ወደ ጥያቄያችን እንመለስ። የፖውልሰን ዘር የሆነ ዕቃ ሁሉ አንድ ጠባይ አለው። ብረቱ የተጻፈበትን በራሱ አይረሳም፤ የሚያስረሳው ነገር ካልደረሰበት በቀር። ስለዚህ ቴፕ ወይም ዲስክ አልነበብ ሲል መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት ምን እንደ ተበላሸ ነው። ጽሑፉ? ወይስ በጽሑፉና በአንባቢው መካከል ያለው ነገር?

አንዳንድ ጊዜ የሚበላሸው ሙጫው ነው። በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ የተሠሩ ብዙ ቴፖች የብረት ዱቄቱን ከፕላስቲኩ ጋር ያጣበቀው ሙጫ ከአየሩ እርጥበት እየጠጣ ይለጠልጣል። ሲያጫውቱት ይንጣጣል፣ ሄዱ ላይ ይጣበቃል። ባለሙያዎች እንዲህ ያለውን ቴፕ በልዩ ምድጃ ውስጥ በ54 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ለ8 ሰዓት ያህል ያሞቁታል። እርጥበቱ ሲወጣ ቴፑ ለጥቂት ሳምንት ጤነኛ ይሆናል፤ በዚያ ጊዜ ቶሎ ይገለብጡታል። (በእንጀራ ምጣድ ወይም በቤት ምድጃ ይህንን ልሞክር የሚል ቢኖር ቴፑን ያጣል።)

አንዳንድ ጊዜ የሚጠፋው ማሽኑ ነው። በ1966 እና በ1967 አምስት የአሜሪካ መንኮራኩሮች ጨረቃን እየዞሩ ፎቶግራፍ አነሡ። ቴፖቹ በጥንቃቄ ተቀመጡ፤ ቴፖቹን የሚያነቡት ግዙፍ ማሽኖች ግን ከገበያ ጠፉ። የቀሩትን ጥቂት ማሽኖች አንዲት የመዝገብ ቤት ኃላፊ ለዓመታት በቤትዋ ጋራዥ አቆየቻቸው። በመጨረሻም ከፓሎ አልቶ ብዙ በማይርቅ የናሳ ማዕከል፣ ቀድሞ ሀምበርገር ይሸጥበት በነበረ ቤት ውስጥ፣ ማሽኑ ተጠግኖ በ2008 የመጀመሪያው ሥዕል ወጣ። ሥዕሉ ምድራችን ከጨረቃ አድማስ በላይ ብቅ ስትል የሚያሳይ ነው። ከ42 ዓመት በኋላም ከቀድሞው ይበልጥ ጠርቶ ታየ።

ሌላ ጊዜ ደግሞ አካሉ ይጎዳል። ቻሌንጀር የተባለችው መንኮራኩር ጃንዋሪ 28 ቀን 1986 ከነሰባት ተሣፋሪዎችዋ ስትጠፋ የድምፅ ቴፑ ለ6 ሳምንት ያህል በባሕር ውስጥ ከረመ። የአይቢኤም ባለሙያዎች የተጣበቀውን ንብርብር እያላቀቁ አጽድተው አነበቡት። ፌብሩዋሪ 1 ቀን 2003 ኮሎምቢያ የተባለችው ከሰባት ሰዎች ጋር ስትቃጠል ደግሞ አንድ ሃርድ ዲስክ ከሰማይ ቴክሳስ ላይ ወደቀ። ከወራት በኋላ ሲገኝ ቅርፊቱ ከስሎ ነበር። ዲስኩን አውጥተው አጽድተው በሌላ ጤነኛ አካል ላይ ሲያደርጉት ከተጻፈው 99 በመቶ ያህሉ ተገኘ። ደግነቱ ጉዳት የደረሰበት ክፍል ገና ያልተጻፈበት ነበር። ሟቾቹ በጠፈር ያካሄዱት የዜነን ጋዝ ጥናትም በ2008 ታትሞ ወጣ። ሕይወታቸውን የከፈሉበት ሥራ ከንቱ አልቀረም።

በጣም የተለመደው ግን ከሁሉም ቀላሉ ነው። በሃርድ ዲስክ ላይ ፋይል ስናጠፋ ኮምፒዩተሩ የሚፍቀው ብዙውን ጊዜ ማውጫውን ብቻ ነው፤ ከመጽሐፍ የይዘት ገጹን እንደ መቅደድ ማለት ነው። ምዕራፎቹ እዚያው አሉ። ቦታው ግን ባዶ ተብሎ ስለ ተመዘገበ ቀጥሎ የሚመጣው ጽሑፍ ሊሰፍርበት ይችላል። ስለዚህ ምክሩ አጭር ነው፦ ሥራ አቁሙ፤ ምንም አትጻፉበት፤ ክዳኑንም አትክፈቱ፤ ለሚያውቅ ሰው ስጡ።

በእርግጥ የሚጠፋበትስ ጊዜ የለም? አለ እንጂ። በዛሬው ሃርድ ዲስክ ላይ ሌላ ነገር በላዩ ከተጻፈ የቀድሞው በተግባር አይመለስም። በኃይለኛ ማግኔት የተደመሰሰም እንደዚሁ ነው። የዲስኩ ቅባት ከተላጠ የተላጠው ቦታ ጽሑፉን ይዞ ይሄዳል። ብረትም 770 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል ሲግል ማግኔትነቱን ያጣል። በስልካችንና በፍላሽ ያለው ማስታወሻ ደግሞ ማግኔት ስላልሆነ ሕጉ ሌላ ነው።

ለክፍል የሚሆን ሙከራ

ነገ በየትምህርት ቤቱ ሳይንስ የምታስተምሩ ሁሉ ይህንን ያለ ኮምፒዩተር ማሳየት ትችላላችሁ። የሴጌቶ ምላጭ፣ ጠንከር ያለ ማግኔትና በሞረድ የተሞረደ የብረት ብናኝ ይበቃል። ምላጩን በሦስት ወይም በአራት ቦታ በማግኔቱ ጫፍ ንኩት። ለተማሪዎች አሳዩአቸው፤ ምንም አያዩም። ብናኙን ነስንሱና ምላጩን ቀስ ብላችሁ አራግፉት፤ በተነኩት ቦታዎች ብናኙ ተቋጥሮ ይቀራል። ይህ ማንበብ ነው። ከዚያ ጠርጋችሁ ማግኔቱን ከምላጩ አንድ ጫፍ እስከ ሌላው በአንድ አቅጣጫ ደጋግማችሁ አሻሹና እንደገና ነስንሱ። ብናኙ ዳር ዳሩን ብቻ ይይዛል፤ የመካከሉ ጽሑፍ የለም። ይህ መደምሰስ ነው።

ፖውልሰን ከዚህ የበለጠ ነገር ይዞ አልተነሣም። ብዙዎች ያዩትን የክፍል ሙከራ አየና ወደ ስልክ ወሰደው። ተማሪዎቻችሁ ብናኙ ሲቆም አይተው ከተደነቁ በኋላ ምን ይጠይቃሉ? ለሚጠይቁት ጊዜ ስጡአቸው፤ ክፍለ ጊዜው ቢያልቅ እንኳ ጥያቄው በሰሌዳው ላይ ይደር።